ያልጠረጠረ ተመነጠረ
በስዊዘርላንድ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ለተሰማሩና ሊሰማሩ ላሰቡ ወገኖች

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። የአልትሽቴተን ባቡር ጣቢያ የሥራ ልብስ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል። ፖርቱጋሉ፣ አልባኒያው፣ ጣሊያኑ፣ አዲስ አበቤው፣ አስመሬው፣ ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደየሥራ ቦታው ይበተናል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ተለማማጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሐበሻ ልጅ ነው እንበል። የዛሬ ሥራው ከባዴነርሽትራሰ አጠገብ ባለ አንድ አሮጌ ቤት እድሳት ላይ ነው። ፎርማኑ ከመሬት በታች ካለው ክፍል ወጥቶ በዙሪክ ጀርመንኛ አንዲት ቃል ወርውሮ ያልፋል። ልጁ በቋንቋ ትምህርት ቤት የተማረው ጀርመንኛ ይህን አይመስልም። «ገባህ?» ሲባል ግን «ያ፣ ያ» ብሎ ፒንሳውን ያነሣል።

በዙሪክ ጀርመንኛ «አብግሽተልት» ማለት ጠፍቷል ማለት ነው። «አግሽተልት» ማለት ደግሞ በርቷል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት «ብ» ናት። መሰርሰሪያው እየጮኸ፣ ሰው እየተጣደፈ፣ ያቺ ፊደል ሳትሰማ ብትቀር የአንድ ሰው ሕይወት ልትጠፋ ትችላለች።

ይህ ልጅ ለምሳሌ የቀረበ ነው። አደጋው ግን በየሥራ ቦታው ያለ ነው። ስለዚህም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነም፣ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደዚህ ሙያ ለመላክ ያሰበም፣ እንዲያው በቤቱ ሶኬት የሚነካካም ሰው ቢያውቀው የሚበጀውን ከዚህ በታች ቀርቧል።

ኢልግ የሄደበት መንገድ

የኢትዮጵያና የስዊዘርላንድ የቴክኒክ ግንኙነት የቆየ ነው። የፍራውንፈልዱ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ዙሪክ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገባ። የምኒልክ አማካሪ ሆኖም ወደ ቤተ መንግሥት የውኃ ቧንቧ ዘረጋ፤ የጂቡቲ ምድር ባቡርን ውጥን አስጀመረ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1916 እዚሁ ዙሪክ አረፈ። ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ የኢልግን አገር ሽቦ የሚዘረጉ፣ በጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የሚተክሉ የሐበሻ ልጆች አሉ።

የሙያው በር ክፍት ነው። የኤሌክትሪክ ገጠማ ሙሉ ትምህርት አራት ዓመት፣ የሞንታዥ ኤሌክትሪሺያን ሦስት ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለስደተኞችና በጊዜያዊ ፈቃድ ለሚኖሩ ወደ ሙያ ትምህርቱ የሚያሸጋግር የአንድ ዓመት ዝግጅት በመንግሥት ተቋቁሟል። ሙያው የተከበረና እንጀራ የሚያስበላ ነው። ነገር ግን ስሕተትን የማይምር ሙያ ነው።

«ኮረንቲ ያዘው» ሲባል

አገር ቤት አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ሲመታ «ኮረንቲ ያዘው» ይባላል። አነጋገሩ ትክክለኛ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ 10 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና ሰውየው ልልቀቅ ቢልም አይችልም። በእርግጥም ተይዟል። ከ30 ሚሊ አምፒር በላይ ሲሆንና ጥቂት ሲቆይ ደግሞ ልብ የተለመደ ምቷን ስታ መንቀጥቀጥ ልትጀምር ትችላለች። የምትንቀጠቀጥ ልብ ደም አትረጭም።

ቁጥሩን ከቤት ዕቃ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንድ ባለ 25 ዋት አሮጌ አምፑል የሚበላው ከ100 ሚሊ አምፒር ጥቂት ይበልጣል። አንዲት ደብዛዛ አምፑል የምታበራበት ኮረንቲ ሰው ለመግደል በቂ ነው ማለት ነው። የስዊስ የቤት መስመር 230 ቮልት ነው። የሰው ገላ ተቃውሞ ደግሞ በግምት 1,000 ኦም ነው ቢባል፣ ሽቦውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የራዲያተር ቧንቧ የነካ ሰው 230 ሚሊ አምፒር በደረቱ ያልፋል። እጅ ላብ ካለው ወይም እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

«እኔን ብዙ ጊዜ ይዞኛል፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው የዳነው ጫማው ደረቅ ስለነበረ ወይም ኮረንቲው በደረቱ ሳያልፍ ስለቀረ ይሆናል። ነገ ተመሳሳይ ዕድል እንደሚገጥመው ግን ዋስትና የለውም።

ከመያዝ ሌላ ሁለተኛም አደጋ አለ። በማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ ካቻቢቴ ቢያመልጥና ሁለት መስመር ቢያገናኝ፣ ጀርመኖቹ ሊኽትቦገን የሚሉት የእሳት ብልጭታ ይነሣል። ሙቀቱ በብዙ ሺህ ዲግሪ የሚቆጠር ስለሆነ የመዳቡን ብረት ያተናል፤ ፊትና እጅን ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ሦስተኛው አደጋ ተራ የሚመስለው መውደቅ ነው። መሰላል ላይ ያለን ሰው ትንሽ ኮረንቲ ብታስደነግጠው ራሷ ባትገድለውም ውድቀቱ ይገድለዋል።

አምስቱ ሕጎች

በስዊዘርላንድ የሥራ ላይ አደጋን የሚቆጣጠረውና የሚክሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በሉጸርን ሥራ የጀመረው ሱቫ የተባለው ተቋም ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች «5 ሲደመር 5» የሚባሉ ሕጎች አውጥቷል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ጠቅላላ ናቸው። ትእዛዙ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊውም ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ያልሠለጠኑበትን አይሥሩ፤ መሣሪያው ጤነኛ ይሁን፤ መከላከያ ይለበስ፤ ያልተመረመረ መስመር ሥራ አይጀምር ይላሉ። ሁለተኞቹ አምስቱ ሽቦው ፊት የሚቆመውን ሰው የሚጠብቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋማት ደንብም በሕግነት ደንግጓቸዋል። እነሆ፦

አንደኛ፦ ኃይሉን ቁረጥ፤ ከሁሉም አቅጣጫ ለይ። አንድ መስመር ከአንድ በኩል ብቻ ይመጣል ብሎ ማመን ያጃጅላል። ዛሬ በየጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ፣ በየጓዳው ባትሪ አለ። አገር ቤት መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ቤት የመብራት ኃይልን መስመር ሳይለይ ካበራ፣ ኮረንቲው ተመልሶ ወደ ምሰሶው ይወጣና መብራት ሄዷል ብሎ የተሰቀለውን ሠራተኛ ይመታዋል። እዚህም ነገሩ ያው ነው።

ሁለተኛ፦ ተመልሶ እንዳይበራ ቆልፍ። ብሬከሩን አውርዶ መሄድ አይበቃም። ቡና ማፍያዋ አልሠራ ያለቻት ጎረቤት ወርዳ ታበራዋለች። ስለዚህ ቁልፍ ይደረግበታል፤ «አትንኩ፣ ሥራ ላይ ነን» የሚል ጽሑፍም ይንጠለጠላል። የቁልፉ ቦታ የሚሠራው ሰው ኪስ ነው። ፎርማኑ ጋ ወይም መኪናው ውስጥ አይቀመጥም። ፊውዝ ከሆነ ተነቅሎ ይወሰዳል።

ሦስተኛ፦ ኃይል አለመኖሩን ፈትሽ። ከአምስቱ ሁሉ ሰው በብዛት የሚዘለው ይኸኛው ነው። ፍተሻው በባለ ሁለት ጫፍ ቴስተር ይሁን። አገር ቤት ብዙ ሰው የለመደው አምፑል ያለው ካቻቢቴ አይታመንም። ኮረንቲው እያለ ላይበራ፣ ሳይኖርም ሊበራ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ባለ ሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ቴስተሩን መሞከር፤ ቀጥሎ የሚሠራበትን መስመር ሁሉንም ሽቦዎች እያፈራረቁ መፈተሽ፤ በመጨረሻ ተመልሶ ቴስተሩን በዚያው በታወቀው ቦታ እንደገና መሞከር። ቴስተሩ በመካከል ሞቶ ከሆነ በዚህ ይታወቃል።

አራተኛ፦ ወደ ምድር አገናኝ፤ መስመሮቹንም እርስ በርስ አገናኝ። ይህ በተለይ ከፍተኛ ኃይል ባለባቸውና ኮረንቲ ከሌላ በኩል ሊመለስባቸው በሚችሉ መስመሮች ላይ የግድ ነው። ሰው ተሳስቶ ቢያበራ እንኳ ኮረንቲው በሠራተኛው ገላ ፋንታ ወደ ምድር ይሄዳል።

አምስተኛ፦ አጠገብህ ያለውን ሸፍን። ሁሉን ማጥፋት ሳይቻል ሲቀርና ኃይል ያለበት ነገር በእጅ በሚደረስበት ቦታ ካለ በማያስተላልፍ ነገር ይከለላል።

ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከአምስተኛው ወደ አንደኛው ወደ ኋላ ይኬዳል። ኃይል ባለበት መስመር ላይ መሥራት የግድ ከሆነ ይህን የሚሠሩት ለዚያ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ሁልጊዜም ሁለት ሆነው፣ አንዱ ኃላፊ ተብሎ ተሰይሞ ነው። «አንተ ፈጣን ነህ፣ ሳታጠፋ ቶሎ አገናኛት» የሚባል ተለማማጅ እየተሞገሰ ሳይሆን ለአደጋ እየተሰጠ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የቀለም ወጥመድ

አልትሽቴተን እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ዙሪክ ከተማ ከመጠቃለሉ በፊት ራሱን የቻለ ቀበሌ ነበር። አሮጌ ቤት ከአዲስ ፎቅ ጎን ለጎን የቆመበት ሰፈር ስለሆነ፣ አንድ ግድግዳ ቢፈነቀል የአያት፣ የአባትና የልጅ ዘመን ሽቦ በአንድ ላይ ይገኛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

በዛሬው ደንብ ፌዝ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ኒውትራል ሰማያዊ ነው፤ የምድሩ መስመር አረንጓዴና ቢጫ ነው። በአሮጌው የስዊስ አሠራር ግን ቢጫው ሽቦ ኒውትራል ነበር። የምድሩ መስመር ቢጫና ቀይ ነበር። ፌዙ ደግሞ ጥቁር፣ ቀይ ወይም ነጭ ነበር። አዲስ አበባ ላይ «ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል» እያለ የሠራ ሰው እዚህ ጥቁሩን ሽቦ በባዶ እጁ ቢይዝ በአዲሱም በአሮጌውም ደንብ የያዘው ፌዝ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ማን ምን እንደነካካ አይታወቅም።

ስለዚህ ቀለም የሚያገለግለው ለመገመት ብቻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ቴስተር ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ፌዝን በፌዝ አይነኩትም።

በማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ ያለው፣ ጀርመኖቹ «ኤፍ ኢ» የሚሉት መከላከያ ኮረንቲ ወደ ምድር ሲያመልጥ ዐይቶ በ30 ሚሊ አምፒር ይቆርጣል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ መሣሪያ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ ፌዝ፣ በሌላው ኒውትራል ቢይዝ መሣሪያው ሰውየውን እንደ አምፑል ነው የሚቆጥረው። ወደ ምድር ያመለጠ ነገር ስለሌለ አይቆርጥም። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሹን ላይኖር ይችላል።

በጣሪያ ላይ የማይጠፋው ኃይል

በአሁኑ ጊዜ ብዙ እጅ የሚፈልገው ሥራ የፀሐይ ሰሌዳ ተከላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሥራው የራሱ የሙያ ትምህርት አለው፤ ሙሉው ሦስት ዓመት፣ አጭሩ ሁለት ዓመት ነው። ሶላፍሪካ የተባለው የስዊስ ድርጅትም ስደተኞችን ለዚሁ ሥራ የሚያዘጋጅ ፕሮጀክት ዘርግቷል።

ይህ ሥራ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለው። ሰሌዳው ፀሐይ እስካየ ድረስ ኃይል ያመነጫል። በብሬከር ማጥፋት አይቻልም። በተርታ የተያያዙ ሰሌዳዎች እስከ 1,000 ቮልት ሊደርሱ ይችላሉ፤ ኮረንቲውም ቀጥተኛ ነው። የቤቱ ተለዋዋጭ ኮረንቲ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ይቆራረጣል። የሰሌዳው ብልጭታ ግን ዜሮ የሚደርስበት ጊዜ ስለሌለ ይነድዳል። ኃይል እያለፈበት ማገናኛውን የነቀለ ሰው እጁ ላይ እሳት ይዟል።

ጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የግንባታ ሥራ ደንብ መሠረት ከፍታው ሁለት ሜትር ከሆነ ጀምሮ መውደቅን የሚከለክል ነገር መኖር አለበት። «ዛሬ ብቻ ነው፣ ትንሽ ሥራ ናት» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት አይሠራም። ሰሌዳውን ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘትም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ያለ ፈቃድ አገናኝ የተባለ ሠራተኛ እምቢ ማለት አለበት።

በባቡር ሐዲድ አካባቢ የሚሠሩ ወይም ልጆች ያሏቸው ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሱ። በአልትሽቴተን ጣቢያ ላይ የሚያልፈው የባቡር ሽቦ 15,000 ቮልት ነው። እንዲህ ያለው ኃይል ካልነኩኝ አልነካም አይልም። ሰው ሲቀርበው በአየር ላይ ዘልሎ ይመታል። የቆመ ፉርጎ ላይ መውጣት በሽቦው ላይ እንደ መንጠልጠል ይቆጠራል።

«ገባኝ» የምትለዋ ቃል

አሁን ወደ መጀመሪያው ልጅ እንመለስ። ልጁን ለአደጋ ያቀረበው የዕውቀት ማነስ አልነበረም። አምስቱን ሕጎች ለፈተና ሸምድዷቸዋል። ለአደጋ ያቀረበው «ገባኝ» ያላት ቃል ናት።

በባህላችን ታላቅን «ይድገሙልኝ» ማለት ይከብዳል። ሰው ሲሰማ እንደ ድንቁርና ይቆጠራል ተብሎ ይፈራል። በስደት ላይ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። ቋንቋው አልገባውም ቢሉኝስ? ከሥራ ቢያስወጡኝስ? የመኖሪያ ፈቃዴስ? ስለዚህ ሳይገባ «ያ፣ ያ» ይባላል። ለሰላምታ ቢሆን ጉዳት አልነበረውም። ሽቦ ፊት ግን ከሁሉ የከፋው ቃል ይህ ነው።

በጄኔቫ የሚሠሩ ወገኖችም ከዚህ አያመልጡም። በፈረንሳይኛ «ሱ ታንሲዮን» ማለት ኃይል አለው ማለት ነው፤ «ኦር ታንሲዮን» ማለት ኃይል የለውም ማለት ነው። ጫጫታ ባለበት ቦታ ጆሮ የሚይዘው «ታንሲዮን» የሚለውን ብቻ ነው። የዙሪኩ «ብ» ለጄኔቫ በሌላ መልኩ መጣች ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትእዛዝ የተቀበለ ሰው የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ይናገር። «የሦስተኛውን ፎቅ መስመር አጥፍተሃል፤ ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ እኔ ሄጄ እፈትሻለሁ፤ ልክ ነኝ?» ይበል። በደህና ፎርማን ዘንድ ይህ ሰውየውን የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ሱቫ ከግንባታው ዘርፍ ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው የደኅንነት ቃል ኪዳንም ዋና መልእክቱ ይኸው ነው። አደጋ ሲታይ ማንኛውም ሠራተኛ «ሽቶፕ» ይላል፤ ሥራው ይቆማል፤ ችግሩ ሲስተካከል ይቀጥላል።

ከዚህ በታች ያሉት ተቆርጠው ኪስ ውስጥ ቢቀመጡ ይጠቅማሉ፦

አልገባኝም፦ በጀርመንኛ «ኢኽ ሃብስ ኒኽት ፈርሽታንደን»፤ በፈረንሳይኛ «ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ»።
ኃይል የለውም ወይ?፦ በጀርመንኛ «ኢስት ዳስ ሽፓኑንግስፍራይ?»፤ በፈረንሳይኛ «ኤስ ከ ሴ ኦር ታንሲዮን?»።
ማን ፈተሸው?፦ በጀርመንኛ «ቬር ሃት ገፕሩፍት?»፤ በፈረንሳይኛ «ኪ ላ ቬሪፊዬ?»።
የሞት አደጋ (በየሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው)፦ በጀርመንኛ «ሌበንስገፋር»፤ በፈረንሳይኛ «ዳንዤ ደ ሞር»።

ሌላው ሰው «ፈትሼዋለሁ» ቢልም መልሶ መፈተሽ ስድብ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጓደኛ የሚቆጣ ባለሙያ ራሱ ትምህርት ይጎድለዋል።

የወገን ውለታና የምጣዱ ነገር

ከድርጅት ሥራ ውጭ ያለው አደጋ ደግሞ በፍቅር የሚመጣ ነው። አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ሥራ እንደሚችል ከታወቀ ቅዳሜና እሑድ አይተርፍለትም። የጋሼ ሶኬት፣ የእትዬ ምጣድ፣ የማኅበሩ አዳራሽ፣ የአንዱ ምግብ ቤት ማእድ ቤት ይጠብቀዋል። እምቢ ቢል ኮራ ይባላል።

ምጣዱን እንመልከት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ይበላል። በ230 ቮልት ሲካፈል ከ15 እስከ 17 አምፒር ነው። የስዊስ ተራ ሶኬት የተሠራው ለ10 አምፒር፣ ማለትም ለ2,300 ዋት ነው። ባለ 16 አምፒሩ ስፒና እግሮቹ አራት ማዕዘን የሆኑት፣ ወደ ባለ 10 አምፒሩ ሶኬት እንዳይገባ ተብሎ ነው። ታዲያ በየቤቱ ምን ይደረጋል? ስፒናው ተቆርጦ ክብ እግር ያለው ይቀጠልበታል። ብሬከሩ ሲወርድ ደግሞ «በትልቅ ቀይሩልኝ» ይባላል። ብሬከሩ የሚወርደው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። በትልቅ የተለወጠ ብሬከር አይወርድም፤ በፋንታው ሽቦው ይግላል፤ ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ሳለም ግድግዳው ውስጥ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ሕጉም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ገጠማ ደንብ መሠረት ለሌላ ሰው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ወይም የሚለውጥ ሁሉ ኤስቲ ከተባለው የፌደራል ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚሠራው በድርጅቱ ፈቃድ ነው። ቅዳሜ በግሉ ሲሄድ ፈቃዱ አይከተለውም። ተራ ነዋሪ በሚኖርበት ክፍል ውስጥ መብራት መስቀልና የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ይፈቀድለታል፤ ያንንም ኃይሉን አጥፍቶ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የባለ ፈቃድ ሥራ ነው። እሳት ቢነሣና ሰው ቢጎዳ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ነው። መልካም ያሰበው ወንድም በወንጀል ሊጠየቅ፣ የዕድሜ ልክ ዕዳም ሊሸከም ይችላል።

ስለዚህ ወገን ወገኑን የሚረዳው መስመሩን ዐይቶ «ይህ ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፣ ባለ ፈቃድ ይጠራ» ብሎ በመንገር ነው። ጠያቂውም «አልሠራልህም» ያለውን ሰው ሊያመሰግነው ይገባል።

ሠራተኛው ምን መብት አለው?

የስዊዘርላንድ ኤሌክትሪክ በስደተኛ እጅ የተገነባ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1965 በቫሌ ክፍለ ሀገር፣ በማትማርክ የኤሌክትሪክ ግድብ ሥራ ላይ ሳሉ ከበላያቸው የነበረው የአላሊን የበረዶ ግግር ተንዶ 88 ሠራተኞች አለቁ። ከእነርሱ 56ቱ ጣሊያናውያን ነበሩ። የሠራተኛው ሰፈርና ወርክሾፑ የተሠራው ልክ ከግግሩ ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የተከሰሱት 17 ሰዎች በሙሉ በነፃ ተለቀቁ፤ ይግባኝ ያሉት የሟች ቤተሰቦችም ከፍርድ ቤቱ ወጪ ግማሹን እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። እዚሁ አልትሽቴተን በዩኽ ሜዳ የነበሩት ባራኮችም መጀመሪያ የእነዚያው የወቅት ሠራተኞች ማደሪያ ነበሩ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ሆነው ብዙ የሐበሻ ልጅ አድሮባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። መብቱን የማያውቅ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

አሠሪው እያንዳንዱን ሠራተኛ ስለ ሥራው አደጋና መከላከያ በቂ ማስረጃና ትምህርት የመስጠት ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ባልገባው ቋንቋ ተናግሮ ማለፍ ግዴታን መወጣት አይደለም።

የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ የደኅንነት ጫማና የመሳሰለው ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ መከላከያውን የመልበስና ሕጉን የማክበር ግዴታ አለበት።

በስዊዘርላንድ ተቀጥሮ የሚሠራ ሁሉ በሕግ የአደጋ መድን አለው። የሥራ ላይ አደጋውን የመድን ክፍያ የሚከፍለው አሠሪው ነው። በአንድ አሠሪ ዘንድ በሳምንት ቢያንስ ስምንት ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ከሥራ ውጭ ለሚደርስ አደጋም ይሸፈናል። ሕክምናው ይከፈላል፤ መሥራት ያልቻለ ሰው ከአደጋው ቀን በኋላ ካለው ሦስተኛ ቀን ጀምሮ የደመወዙን 80 በመቶ ያገኛል።

ያለ ውል ወይም ያለ የሥራ ፈቃድ የሚሠራ ሰውም አደጋ ሲደርስበት ይህ መድን አይነፈገውም። «ወረቀት የለህምና ለማንም አትናገር» የሚል አሠሪ የሚጠብቀው ራሱን ነው።

አደጋ ቢደርስ

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መሳብ ሁለት ሬሳ ያመጣል። መጀመሪያ ኃይሉ ይቆረጣል፤ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ስፒናው ይነቀላል። ከዚያ 144 ይደወላል። 112ም ይሠራል። ስልኩን ያነሣው ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው አድራሻውን ስለሆነ፣ ሠራተኛው ጠዋት ሥራ ሲገባ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር መያዝ አለበት። የተመታው ሰው የማይነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ እጅን በደረቱ መካከል አድርጎ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ በአካባቢው የልብ ማስነሻ መሣሪያ ካለም ማምጣት ነው። የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ከሆነ ግን ኃይሉ መቆረጡ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ማንም መቅረብ የለበትም።

ተይዞ የተለቀቀና «ደህና ነኝ» የሚል ሰውም ሐኪም ሊያየው ይገባል። የልብ ምት መዛባት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ከላይ እንደ ጠባሳ የምትታይ ቃጠሎም ከሥር ጡንቻ አቃጥላ ሊሆን ይችላል። አደጋው ለአሠሪው ይነገር፤ ወደ መድኑም ይመዝገብ። ያልተመዘገበ አደጋ ከዓመት በኋላ ሕመም ሆኖ ሲመጣ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል።

እንግዲህ ያ ልጅ ነገም ወደ አሮጌው ቤት ይገባል። ፎርማኑ እንደ ልማዱ ቃሉን ወርውሮ ያልፋል። ልጁ ቢከተለውና «አብግሽተልት ነው ያልከኝ ወይስ አግሽተልት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ወርዶም ብሬከሩን በዓይኑ አይቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ቴስተሩን ሞክሮ ቢመለስ የሚፈጅበት አምስት ደቂቃ ነው። ማታ በአልትሽቴተን ጣቢያ በኩል ወደ ቤቱ የሚመልሰው ያ አምስት ደቂቃ ነው።